ብርዱ ያለው እኛ ዘንድ ነው

ሰሞኑን አንድ ነገር ሲያንገበግበኝ ከረመ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው፤ ሐበሻ በብዛት ያለበት ከተማ። አንድ የልደት ድግስ ላይ ቤቴ የጠመቅኩትን ቢራ ይዤ ሄድኩ። ላገር የሚባለው፣ በብርድ የሚጠመቀው የቢራ ዓይነት ነው፤ ጥርት ያለ፣ አረፋው ቶሎ የማይጠፋ። ቀመሱት፣ ወደዱት፣ ደገሙት። «ከየት ገዛኸው?» ተባልኩ። ራሴ ነኝ የጠመቅኩት ስል የአንዱ ሰውዬ ፊት ተለወጠ። «አሜሪካ ድረስ መጥተህ ጠላ ጠማቂ ሆንክ?» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እስካሁን የሚከነክነኝ «ጠላ ጠማቂ» የሚለው እንደ ስድብ መውጣቱ ነው። የሰፈራችን ልጆች ስንቱ ነው በጠላ ገንዘብ የተማረው? ደጃፋቸው ላይ በእንጨት ጣሳ ሰቅለው የሚሸጡ እናቶች ናቸው ደብተር የገዙለት፣ ዩኒፎርም ያሰፉለት። ከሳቁት ውስጥ በዚያ ገንዘብ ያደገ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እሱም ሳቀ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ የዚህ አገር ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ ሄጄ ነበር። የጥርስ ሐኪም አለ፣ የአውሮፕላን መካኒክ አለ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ። ሁሉም የጠመቀውን ይዞ ይመጣል፣ ይቀማመሳሉ፣ በእርሾ ጉዳይ ሲከራከሩ ማየት ነው! የእኛን አገር ጠላ ጠየቁኝ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ እንደሚታጠን፣ ጥንስሱ ከድፍድፉ በፊት እንደሚጣል፣ መራራውን የሚሰጠውና መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያግዘው ጌሾ እንደሆነ ነገርኳቸው። አስተማሪው ወረቀት አውጥተው ጻፉ። ብቅሉ እንዴት እንደሚደርቅ ደጋግመው ጠየቁኝ። የእኛ ሰው ግን ይስቃል።

ልዩነቱ የገባኝ እዚያ ነው። እዚህ አገር ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ለረጅም ዘመን ክልክል ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) አልኮል መጥመቅና መሸጥ የከለከለው የመጠጥ እገዳ በ1933 ሲነሳ እንኳን ወይን በቤት መጥመቅ ተፈቅዶ ቢራው ቀረ። ፕሬዚዳንት ካርተር ቢራውን የሚፈቅደውን ሕግ የፈረሙት በ1978 ነው። ከዚያ በኋላ ነው አንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት ደግሞ 200 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 757 ሊትር፣ ለራሱ እንዲጠምቅ የተፈቀደው። አላባማና ሚሲሲፒ የፈቀዱት በ2013 ነው፤ ትናንት ማለት ነው። የአገሪቱ የቤት ጠማቂዎች ማኅበር የተመሠረተውም በ1978 ከእኔ ቤት ብዙ በማይርቀው ቦልደር ነው። ከእኛ ጋር ስታስተያዩት ዕድሜው ምንም አይደለም። ግን ጻፉት፣ ለኩት፣ እርስ በርስ ተማማሩበት። እኛ ቤት ለቤት ስንጠምቅ ኖረን የአንዲት እናት ልክ እንኳን በወረቀት የለንም።

ስለ ፈረንጆቹ ደግሞ ዝም ብዬ ማድነቅ አልፈልግም። እነሱም የሚያበግኑኝ ነገር አላቸው። ላገር ልጠምቅ ነው ብዬ የጠማቂ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ስገባ ሻጩ ቀድሞ የነገረኝ ስለ ፍሪጅ ነው። ለቢራ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ፍሪጅ፣ ፍሪጁን የሚያበራና የሚያጠፋ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ሲቀዘቅዝ የሚያሞቅ ቀበቶ። «እነዚህ ከሌሉህ ላገሩን ተወው፣ ሌላ ነገር ጥመቅ» አለኝ። የብዙ መቶ ዶላር ዕቃ ነው። እንዲህ የሚለው እሱ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ ጠማቂዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው።

እውነት አላቸው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። የላገር እርሾ ብርድ ይወዳል። በተለመደው መንገድ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ነው የሚሠራው፤ ኤል የሚባለው ሌላኛው የቢራ ዓይነት ግን በ18፣ በ20 ዲግሪ ይፈላል። ላገሩን ሙቀት ውስጥ ካስቀመጡት እርሾው የፍራፍሬ ሽታ ያመጣል፣ ያ ንጹሕና ቀለል ያለ ጣዕም ይጠፋል። እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ። ግን ብርድ ማለት የግድ ፍሪጅ ማለት ነው ያለው ማነው?

ላገርን ለዓለም የሰጡት ጀርመኖችና ቼኮች ፍሪጅ አልነበራቸውም። በ1553 የባቫሪያው መስፍን አልብሬክት 5ኛ በበጋቸው ቢራ እንዳይጠመቅ አዘዘ። ክልከላው ከጊዮርጊስ በዓላቸው እስከ ሚካኤል በዓላቸው ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ከኤፕሪል 23 እስከ ሴፕቴምበር 29። በሙቀት የተጠመቀው እየተበላሸ ስላስቸገረ ነው። እናም በክረምታቸው ጠመቁ፣ ዋሻና ምድር ቤት ውስጥ አስቀመጡ፣ ከሐይቅ በረዶ እየቆረጡ አጠገቡ ከመሩ። የቼኮቹ ፒልስን ከተማ ላይ ዮሴፍ ግሮል ያንን ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚኮርጀውን ፒልስነር የሚባል ቢጫ ቢራ የጠመቀው በ1842 ነው። ካርል ፎን ሊንዴ የማቀዝቀዣ ማሽኑን ለቢራ ፋብሪካዎች የሠራው ግን ከ1870ዎቹ ወዲህ ነው። እስቲ አስቡት፤ ፒልስነር ከማሽኑ ይቀድማል!

ካሊፎርኒያ ደግሞ በረዶም አልነበረም። ወርቅ ፍለጋ የጎረፈው ሕዝብ ቢራ ፈለገ፣ ጠማቂዎቹ የያዙት የላገር እርሾ ነው፣ አየሩ ደግሞ ሞቅ ይላል። እንዳለ ጠመቁት። ዛሬ ስቲም ቢር እየተባለ የሚጠራው ዓይነት የመጣው ከዚያ ነው። ጣዕሙ ከፒልስነር ይለያል፣ ግን ቢራ ነው፣ ጥሩ ቢራ።

እኔ የምጠምቀው እንዲህ ነው። ጋራዤ በክረምት ይቀዘቅዛል፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። አንድ ትልቅ ሳፋ አለኝ። የብቅሉን ውሃ ከሆፕስ ጋር (ለቢራ እንደ ጌሾ መራራውን የሚሰጠው አበባ ነው) አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ 19 ሊትር የሚይዘው ባልዲ ውስጥ ከከደንኩት በኋላ ባልዲውን ሳፋው ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሳፋው ላይ የባልዲው ግማሽ ድረስ ውሃ እሞላለሁ። አሮጌ ካናቴራ አለብሰዋለሁ፣ ጫፉ ውሃው ውስጥ እንዲነከር አድርጌ። ጨርቁ ውሃውን ወደ ላይ ይስባል፣ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ የኮሎራዶ አየር ደረቅ ስለሆነ በደንብ ይሠራል። አየሩ ሞቅ ካለ ውሃ ሞልቼ በረዶ ያደረግኩትን ሃይላንድ ጠዋትና ማታ ሳፋው ውስጥ እጨምራለሁ። ባልዲው ላይ የሚለጠፍ ቴርሞሜትር አለ፣ ዋጋው የአንድ ማኪያቶ ነው። በቃ። የብዙ ሊትር ውሃ ሙቀት ቶሎ አይለዋወጥም፤ ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ባልዲው ብዙም አይሰማው።

ልብ ማለት ያለባችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት ነው። እርሾው የሚራባው ያኔ ነው፣ መጥፎውም ጣዕም የሚመጣው ያኔ ነው። ደግሞ እርሾው ሲሠራ ራሱ ይሞቃል፤ የክፍሉ አየር 12 ሲሆን ባልዲው ውስጥ 14 ወይም 15 ልታገኙ ትችላላችሁ። ስለዚህ እርሾውን ከመጨመራችሁ በፊት የብቅሉ ውሃ ከ15 ዲግሪ በታች ይውረድ። እርሾው አይነስ። እኔ ደረቁን ቫይንሽቴፋን 34/70 የሚባለውን እጠቀማለሁ፣ ለ19 ሊትር ባለ 11.5 ግራም ሁለት ከረጢት። ይሄ እርሾ ሆደ ሰፊ ነው። 16 እና 17 ዲግሪ ላይ እንኳን ንጹሕ ቢራ ያወጣል፤ ሱቅ ያለው ልጅ ያልነገረኝ ይሄንን ነው።

መፍላቱ ሲቀንስ ባልዲውን ከሳፋው አውጥቼ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አቆየዋለሁ። እንዲህ ሲሞቅ እርሾው ቀድሞ ያመጣውን የቅቤ ሽታ መልሶ ይበላዋል። የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ከሸተታችሁ አትደንግጡ፣ አትድፉትም፤ የላገር እርሾ ጠባይ ነው፣ ሲቀመጥ ይጠፋል። ፍላቱ ጨርሶ ሲቆም ለሊትር ስድስት ግራም ያህል ስኳር ጨምሬ ጠርሙስ ውስጥ አሽገዋለሁ። ሳይቆም የታሸገ ጠርሙስ ይፈነዳል፣ በዚህ ቀልድ የለም። ሁለት ሳምንት ሞቅ ያለ ቦታ ከርሞ ጋዙን ሲይዝ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ይሄዳል፣ ከዚያ ትዕግሥት ነው። አራት ሳምንት፣ ስድስት ሳምንት። በቆየ ቁጥር ይጠራል፣ ይለሰልሳል። ለዚህ የወጥ ቤቱ ፍሪጅ የታችኛው መደርደሪያ ይበቃል።

አሁን ወደ አገር ቤት ልምጣ፤ ይሄን ሁሉ ሳደርግ በጭንቅላቴ የሚመላለሰው እሱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ነው። የኅዳርን ሌሊት እዚያ ያደረ ሰው ያውቀዋል። አዲስ አበባም ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ 10 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በታች ይወርዳል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው ጓዳ ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ማን ይነግረናል? የባቫሪያ ሰው ዋሻ ቆፍሮ ያገኘውን እኛ ጓዳችን ውስጥ በነጻ ይዘነዋል። እዚህ ሰው ያንን ብርድ ለማግኘት ፍሪጅ ይገዛል፣ በወር የመብራት ይከፍላል።

ላገር ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጊዮርጊስ ከ1922 ጀምሮ አለ። ሜታ፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሽን፣ ሐበሻ፣ ዋልያ፤ ስንጠጣ የኖርነው በአብዛኛው ላገር ነው። ሐበሻ የሚጠመቀው እዚያው ደብረ ብርሃን ነው። ገብሱ ከአርሲ፣ ብቅሉ ከአሰላ። የጎደለው ምንድን ነው? ጥሬ ዕቃው አለ፣ ብርዱ አለ፣ እጁም አለ። ብቅል ማብቀል እኮ ትልቅ ሙያ ነው። እህሉን ዘፍዝፎ፣ በኮባ ጠቅልሎ፣ ቡቃያው የት ሲደርስ እንደሚበቃው በዓይን ለይቶ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማድረቅ። እዚህ ሰው ያንን ለመማር ኮርስ ይከፍላል። የእኛ እናቶች በእጃቸው ያውቁታል፣ እኛ ደግሞ ድግስ ላይ እንስቅባቸዋለን።

መብራት ይጠፋል የምትሉኝ አላችሁ። እኔም የምለው እሱን ነው። ፍሪጅና መቆጣጠሪያ ላይ የቆመ ዘዴ መብራት በጠፋ ቀን ያበቃለታል። ሳፋ፣ ውሃና እርጥብ ጨርቅ ግን መብራት አይጠይቅም። ከየትኛውም አገር ይልቅ ይሄ ዘዴ ለእኛ ነው የሚመቸው። ቆላ ያለ ሰው ይቸገራል፣ አልዋሽም፤ ድሬዳዋ ላይ እርጥብ ካናቴራ አያድንም። የደጋ ሰው ግን ምክንያት የለውም።

አንድ ነገር ብቻ ከጠላው አሠራር መለየት አለበት። ጋን ውስጥ ከቀደመው ጥመቃ የቀረ እርሾ ለጠላ ጥሩ ነው፣ ጣዕሙን የሚሰጠው እሱ ነው። ላገር ግን የሚፈልገው አንድ እርሾ ብቻ ነው። ኤሚል ሃንሰን ኮፐንሃገን፣ ካርልስበርግ በሚባለው የቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ በ1883 ያንን አንድ እርሾ ለብቻው ለይቶ አራባው፤ የዛሬው ላገር በዚያ መንገድ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ዕቃው በፈላ ውሃ ወይም በማምከኛ በደንብ ይጽዳ፣ ፕላስቲክ ባልዲ ይሁን፣ የተጫረም አይሁን፤ ጭረት ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ነገር ላገሩን ያኮመጥጠዋል።

ለእህቴ ሁለት ከረጢት እርሾ ከሚሄድ ሰው ጋር ልኬላታለሁ። ደብረ ብርሃን ናት፣ ጠላዋ በሰፈሩ የታወቀ ነው። መጀመሪያ «ቢራ በቤት?» አለችኝ፣ ከዚያ ስለ ብቅሉ ስንጨዋወት እኔን ማረም ጀመረች፤ የገዛሁት ብቅል ከመጠን በላይ ደርቋል ትላለች። ኅዳር ላይ ትጠምቃለች። እናንተም ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ደባርቅ፣ ጎባ ያላችሁ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ጓዳ ውስጥ አስቀምጡና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በቴርሞሜትር ለክታችሁ ጻፉልኝ። ከ15 በታች የሚውል ጓዳ ያለው ሰው ከእኔ ጋራዥ የተሻለ ቦታ አለው፣ ቀሪውን እዚሁ እንነጋገራለን።