ይድረስ ለተከበሩ ከርል ማድረጊያ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከአንገቴ በላይ ካልሆነ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ፣ በግራ እጄ ነው። የቀኜ ሁለት ጣቶች በእርስዎ ምክንያት ዕረፍት ላይ ናቸው። ስገዛዎ ሻጩ «ለአጭር ፀጉር የተፈጠረ ነው» ብሎኝ ነበር። ካርቶንዎ ላይ ያለችው ሴት ግን ፀጉሯ ወገቧ ደርሷል። እዚያው መንቃት ነበረብኝ። የቅኔ አገር ልጅ ሆኜ፣ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ሰሙ ብቻ መሆኑን መርሳቴ ያንገበግበኛል። ወርቁን ያገኘሁት ማጅራቴ ላይ ነው።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። የብረትዎ ውፍረት 32 ሚሊ ሜትር ነው። አንዴ ለመዞር ብቻ 10 ሴንቲ ሜትር ፀጉር ይፈልጋሉ። እኔ ያለኝ 8 ነው። ምኑ ይጠቀለል? ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ቀጭን ወንድምዎ ቢሆን ሁለት ዙር ተኩል ይዞርልኝ ነበር። እርስዎ ግን ፀጉሬን ወደ ሰማይ አቆሙት። ጎፈሬ ብፈልግማ ሚዶ ይበቃኝ ነበር።

ደግሞ ያ ሽታ! ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ስለሆነ ዓርብ ማታ ጀመርን። ቸኩዬ፣ ፀጉሬ ሳይደርቅ ብነካዎ እንደ ምጣድ ጭስስ አሉ። አያቴ ከጓዳ ሆና «ኧረ በዓርብ ምድር የበግ ጭንቅላት የሚለበልበው ማነው?» አለች። (አያቴን አንቺ የምል ልጅ እርስዎን አንቱ ማለቴን ልብ ይበሉልኝ። 200 ዲግሪ ሳይወዱ በግድ ያስከብራል።)

እንደምንም የቀኝ ጎኔን ጫፍ ጫፉን ቆልመም አድርገን ወደ ግራ ልንዞር ስንል መብራት ድርግም! አያቴ «አምጪው፣ ፍሙ ላይ ጣል ላድርግልሽ» አለች። ሳቅሁባት እንጂ የተናገረችው ስህተት አልነበረም። በ1872 አካባቢ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ፓሪስ ውስጥ ማርሴል ግራቶ የሚባል ፀጉር ሠሪ የእርስዎን አያት የሚያግላቸው በጋዝ እሳት ነበር። የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ብረቱን መጀመሪያ ወረቀት ያስነክሱታል፤ ወረቀቱ ካረረ እስኪበርድ ይጠብቃሉ። ለወረቀት የተደረገው ምርመራ ለእኔ ማጅራት ቢደረግ ምን ነበረበት? እርስዎማ እጀታዎ ፕላስቲክ ነው፤ ለፍምም አይሆኑ።

ሰርጉ ላይ ፎቶ አንሺውን «በቀኝ በኩል ብቻ» እያልሁ ዋልሁ። እስክስታው ሲደራ ግን ቀኝና ግራ የሚባል ነገር የለም። ከሙሽራው ወገን የመጡ አንዲት እናት ትኩር ብለው አዩኝና «ይቺን ልጅ ምች መትቷታል መሰል፤ ዳማከሴ ጨምቁላት» አሉ። ጨመቁልኝ። ጠጣሁት። ምን ላድርግ?

ለክረምቱ ደግሞ አይጠብቁኝ። በእሳት የተጠቀለለ ፀጉር እርጥበት ሲነካው ይፈታል፤ የሐምሌን ዝናብ ደግሞ እርስዎም አይችሉትም። እስከዚያው መደርደሪያው ላይ፣ ከአያቴ ቅቤ ቅል አጠገብ አስቀምጬዎታለሁ። እስዋ ለፀጉር ምን እንደሚደረግ ታጫውትዎታለች።

አክባሪዎ፣
ቀኟ የተቆለመመ፣ ግራዋ መብራት የሚጠብቅ