በዓይን የሚለካ ደም

ምጡ አልቋል፤ ልጁ አልቅሷል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑ ሕፃኑ ላይ ነው። ወንድ ነው ሴት? ስንት ኪሎ መዘነ? ከእናቲቱ ሥር የተነጠፈው ጨርቅ ግን ቀስ በቀስ እየራሰ ነው። አዋላጇ ገለጥ አድርጋ አየችና ካርዱ ላይ «300 ሚሊ ሊትር» ብላ ጻፈች። ሌሎች ምጥ የያዛቸው ሁለት ሴቶች እየጠሯት ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትመለስ የእናቲቱ እጅ ቀዝቅዟል።

እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 260 ሺህ ገደማ ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሞተዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ በድሃና በታዳጊ አገሮች የነበሩ ናቸው። ሩብ ያህሉን የሚወስደው ደም መፍሰስ ነው።

ነገሩ በተነሳ ቁጥር ወሬው ወደ ግንባታ ይሄዳል። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ሆስፒታል አይሠራ አልልም። ግን በብዙ አገሮች ጤና ተቋም ገብታ የምትወልደው ሴት በዝታለች፤ ሞቱ በዚያው ልክ አልቀነሰም። በሩ ድረስ መጥታለችኮ። ከዚያ በኋላ ምን ይጠብቃታል?

ግማሽ ሊትር ደም ከፈሰሰ አደጋ ነው ተብሎ ለዓመታት ተጽፏል። ማን ለካው? ጨርቅ የጠጣው፣ ወለል ላይ የፈሰሰው ደም በዓይን ሲገመት ከእውነቱ ያንሳል። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች ውስጥ፣ ከ200 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተተ ጥናት ውጤቱ በ2023 ወጥቷል። ዘዴው ሲያዩት ያስቃል፦ ከእናቲቱ ሥር መለኪያ መስመር ያለበት የፕላስቲክ ከረጢት ይነጠፋል። ደሙ እዚያ ይጠራቀማል። መስመሩ ላይ ሲደርስ ማህፀኗ ይታሻል፣ የሚያኮማትረው መድኃኒትና ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ትራኔክሳሚክ አሲድ ይሰጣል፣ በደም ሥር ፈሳሽ ይገባል፣ መንስኤው ይፈለጋል። ሁሉም ባንዴ። አንዱን ሞክሮ እስኪያቅት መጠበቅ የለም።

በተለመደው አሠራር ከሚደሙት እናቶች በጊዜ የታወቀላቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በከረጢቱ 93 ከመቶ ደረሰ። ከባድ መድማት፣ በሱ ምክንያት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ሞት ባንድ ላይ ሲቆጠሩ በ60 ከመቶ ቀነሱ። አዲስ የተፈለሰፈ መድኃኒት አልነበረም።

መድኃኒቱም የራሱ ጣጣ አለው። ማህፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ ብልቃጡ መልኩን አይቀይርም። አዋላጇ በትክክል ትወጋለች፤ የወጋችው ግን አቅሙን የጨረሰ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። መድማትን ለመከላከል ሙቀት የሚችል ካርቤቶሲን አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ተርታ አስገብቶታል። ዝርዝር ውስጥ መግባትና መደርደሪያ ላይ መገኘት ግን ለየቅል ነው።

ጨቅላዎቹስ? በ2022 ብቻ 2.3 ሚሊዮን ሕፃናት አንድ ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል። ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ የእናቱ ደረት ማሞቂያ እንደሚሆን ከኮሎምቢያዋ ቦጎታ ከተማ ከተሰማ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ገላ ለገላ ማቀፉ ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ፣ እንደተወለደ ሲጀመር ሞትን በሩብ እንደሚቀንስ ደግሞ በ2021 ታይቷል። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ብዙው ሆስፒታል የተሠራው እናትን አንድ ክፍል፣ ልጅን ሌላ ክፍል አድርጎ ነው። ሪባን የተቆረጠለት አዲሱም ጭምር። በዚያ ላይ የምታቅፈው እናት በሕይወት መቆየት አለባት።

ስለዚህ ቀጣዩ ምረቃ ላይ የሚገኙ ባለሥልጣናትና ለጋሾች አንድ ነገር ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። ከንግግሩ በፊት ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ይግቡ። ፍሪጁን ከፍተው ቴርሞሜትሩን ያንብቡ። ከረጢቱ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። ስንት አዋላጅ ተረኛ እንደሆነችም ይጠይቁ፤ ቀን አይደለም፣ ሌሊት።