ሰንጠረዡ ገና አላለቀም

ባለፈው ቅዳሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ክርስትና ተጠርቼ ሄድኩ። ዶሮ ወጡ ገና ከምድጃ ሳይወርድ ላፕቶፕ ተከፈተ። የማን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም፤ እናንተም ዘንድ አንድ አይጠፋም። በየድግሱ ጥግ ይዞ "ርካሹ የኦንላይን ኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ የትኛው ነው?" እያለ ክርክር የሚከፍተው ሰው። ክርስትና የተነሳው ሕፃን ራሱ አስተያየት ሊጠየቅ ምንም አልቀረው።

እኔ ግን ዛሬ ላመሰግነው ነው የመጣሁት። የተመዘገበ ይጨበጨብለታል፣ የተመረቀ ኬክ ይቆረስለታል። ለማይመዘገበው ማን ይናገርለት? መማርማ ማንም ይማራል። ዓመታት ሙሉ ሳይማሩ መምረጥ ነው ጽናት የሚጠይቀው።

ስሙን ሊቀ ሰንጠረዥ ልበለው። ትምህርት ቤቶችን የሚያወዳድርበትን ሰንጠረዥ ጉግል ሺት ላይ የጀመረው በኮቪድ ጊዜ፣ በ2020 ነው፤ ኤርፖርቱ ጭር ብሎ የሚነዳው ኡበር ሲቆም። ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረችው ልጁ ዛሬ ሚድል ስኩል ገብታለች። ሰንጠረዡም አብሯት አድጓል። 47 ትምህርት ቤት፣ 23 ዓምድ። የክሬዲት ዋጋ፣ የማመልከቻ ክፍያ፣ "የቴክኖሎጂ ክፍያ" የሚባለው እንቆቅልሽ። እስከዚህ ጤነኛ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓምዶች ግን የሊቅነት ናቸው። "የዌብሳይቱ ቀለም።" "የዲፕሎማው ወረቀት ውፍረት።" "እማዬ ለጎረቤት ስታወራው ስሙ ይከብዳል ወይ?" አንዱ ዓምድ ደግሞ የአንድ ክሬዲትን ዋጋ ወደ ዳለስ ኤርፖርት ጉዞ ይመነዝራል። ቀመሩን የጻፈው ራሱ ነው። ቲፕ የሚሰጥና የማይሰጥ ተሳፋሪ ለየብቻ ተሰልቷል።

ፋይሉ "ፋይናል" ይባላል። ቀጥሎ "ፋይናል የመጨረሻው" አለ። ከዚያ "ፋይናል የመጨረሻው የእውነት 3"።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ያህል አላደንቀውም ነበር። ግን ዋጋ ይለዋወጣል። በየቀኑ 47 ዌብሳይት መክፈት ሰለቸው። ስለዚህ ዩቲዩብ ከፍቶ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማረ። አዎ፣ ፓይተን። ኤርፖርት ወረፋ ሲጠብቅ፣ ላፕቶፑን መሪው ላይ አስደግፎ፣ አራት ወር ፈጀበት። አሁን ሰው ሲተኛ 47ቱንም ዌብሳይት የሚያስስ፣ ዋጋ ሲነካካ በቴሌግራም የሚነግረው ፕሮግራም አለው። ሲበላሽ ይጠግነዋል። መረጃው ሲበዛበት ዳታቤዝ ሠራለት። ፕሮግራም መጻፍ የት ልማር የሚለውን ለመወሰን ፕሮግራም መጻፍ ተማረ ማለት ነው።

"ታዲያ ትምህርቱ ይሄው አይደለም እንዴ?" አልኩት።

በትዝብት አየኝ። "ጋሼ፣ ይሄማ ዕውቅና የለውም።"

የሰንጠረዡ አናት ላይ፣ በወርቃማ ቀለም፣ ጆርጂያ ቴክ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ምርጫው አይነቀፍም። በ2014 የጀመረው የኦንላይን ፕሮግራም ሙሉ ዲግሪው 7,000 ዶላር አካባቢ ነው ተብሎ ብዙ ሰው አስደምሟል። አንዲት እንከን ብቻ አለችው፤ ማስተርስ ነው። ሊቀ ሰንጠረዥ የመጀመሪያ ዲግሪ የለውም። ይህን ሳስታውሰው "እሱ ዝርዝር ጉዳይ ነው" አለኝ።

ሁለተኛው ረድፍ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል ነው። ለማስተማር አያስከፍልም፣ ለየኮርሱ ምዘና ግን ይከፈላል። የተደበቀ ነገርም የለውም። ሊቀ ሰንጠረዥ ግን ተቀይሟል፤ ነጻ ከተባለ እስከ መጨረሻው ነጻ ነው ባይ ነው። ቅያሜው በቀይ ተቀብቷል።

46ኛው ረድፍ ላይ፣ በግራጫ፣ ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) አለ። ኦንላይን ኮርስም የሚሰጥ የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ ነው፤ ካምፓሱም ከቤቱ አሥር ደቂቃ አይርቅም። ሰውየው የቨርጂኒያ ነዋሪ ስለሆነ በነዋሪ ዋጋ ይከፍላል። ለዲግሪ ከሚያስፈልገው 120 ክሬዲት ግማሹን ያህል እዚያ ጨርሶ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መሻገር የሚያስችል ስምምነት አለ። ፋፍሳ የሚባለውን የፌደራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ቢሞላና መስፈርቱን ቢያሟላ ደግሞ ፔል ግራንት የሚባል የመንግሥት ድጋፍ አለ፤ ከብድር በተለየ የማይመለስ ገንዘብ። ታዲያ ለምን ግራጫ? "ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እኮ ነው ጋሼ። ኮሚዩኒቲ ሲባል ዕድር ዕድር ይላል።" ፋፍሳውስ? "ፎርሙ ይረዝማል።" ይህን ያለው 23 ዓምድ በ47 ረድፍ የሞላ ሰው ነው!

ብቻውን እንዳይመስላችሁ፤ ደቀ መዛሙርት አሉት። "ዕውቅና አለው ወይ?" ባዩ አለ፤ ይጠይቃል እንጂ መልሱን ፈልጎ አያውቅም። "ዲግሪ ድሮ ቀረ፣ አሁን ኤአይ ነው" ባዩ አለ፤ ከኤአይ ጋር የሚተዋወቁት ለልደት ካርድ ግጥም ሲያጽፈው ነው። የስድስት ወር ኮርስ እየሸጠ ባለ ስድስት አኃዝ ደመወዝ የሚምልላችሁ ቲክቶከርም አይታጣም።

አሁን ግን ቀልዱን ላቁመው። አምና እንዲሁ ድግስ ላይ አንዲት እህት ነበረች። ሌሊት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፣ ቀን ልጅ ታሳድጋለች። ኦንላይን ተመዝግባ ሁለት ኮርስ ጨርሳ ነበር። ደስ ብሏት ተናገረች። አራት ወንዶች ከበቧት። ዕውቅና አለው? ማን ይቀጥርሻል? በዚህ ዕድሜሽ ሒሳቡን ትችይዋለሽ? አራቱም አንድ ክሬዲት የላቸውም። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በነጻ የከፈተው መፈለጊያ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም ጽፎ ዕውቅናውን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንዳቸውም ስልካቸውን አላወጡም። ከወር በኋላ አቋርጣለች ሲባል ሰማሁ። አለመጀመር መብታችሁ ነው፤ ማንም አይጠይቃችሁም። በእንቅልፏ ሰዓት የምታጠና ሴትን ተስፋ አስቆርጦ ክትፎ መጉረስ ግን ነውር ነው። ነውር።

ይቅርታ። ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ዶሮው ቀርቦ፣ ላፕቶፑ ለሞሰቡ ቦታ ሲለቅ፣ "መቼ ነው የምትመዘገበው?" አልኩት።

"የመጪው ዓመት ዋጋ ይውጣ እስቲ።"

ማታ ሊንኩን ላከልኝ። የማረም ፈቃድም ጨምሮበታል፤ ይህ ለማንም የሚሰጥ ክብር አይደለም። እኩለ ሌሊት ላይ ስከፍተው 11 ሰው ውስጥ አለ። ሁሉም ያያል፣ ማንም አይጽፍም። እኔም ባዶ እጄን መውጣት ከበደኝና 24ኛ ዓምድ ጨመርኩ። "ፓርኪንግ አለው ወይ?"

47ቱም የኦንላይን ትምህርት ናቸው። ጠዋት ስነሳ ዓምዱ ከላይ እስከ ታች ተሞልቷል። ሦስቱ ላይ "ይጣራ" ይላል።