ሥልጠና ላይ ናቸው

ሰኔ ሲገባ ሁለት ነገር ይዘንባል፤ አንዱ ክረምቱ፣ ሌላው ሥልጠና። የመንግሥት በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ያልተነካ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ከሚመለስ ሠራተኛው ቢሠለጥንበት ምን ክፋት አለው? አውቶቡሱ በር ላይ ይቆማል። ጉዞ ወደ ቢሾፍቱ!

"አዲስ አበባ አዳራሽ ጠፋ ወይ?" የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም። አዳራሽማ ሞልቷል። ግን ከተማው ውስጥ ውሎ አበል የለም፤ አበል በሌለበት ደግሞ ዕውቀት እሺ ብሎ አይገባም። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ቢሆንም ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ያልታደረበት ትምህርት ቶሎ ይተናል።

"ሠራተኛው ተነሳሽነት የለውም" የሚል ካለ የመጨረሻዋን ቀን ይምጣና ይመልከት። ቢሮ 4 ሰዓት የሚገባው ሰው ለአበል ፊርማ ከ2 ሰዓት ጀምሮ ተሰልፏል። ተሳትፎውማ አይነሳ! አንዱ እጁን ያወጣና "የተነሱት ሐሳቦች እንዳሉ ሆነው፣ ለማጠናከር ያህል" ይላል። ከዚያ የተነሱትን ሐሳቦች አንድ በአንድ ይደግማቸዋል። ለማጠናከር ነዋ።

ደግሞ ያልሠለጠንበት የለም። የአሠራር ሂደት ለውጥ ነው የተባለው ቢፒአር መጣ፣ የውጤት መመዘኛው ቢኤስሲ ተከተለ፣ ሥራን በየጊዜው የማሻሻል ዘዴው ካይዘን ከጃፓን ድረስ ደረሰልን። የካይዘን አምስቱ "ማ"ዎች ዛሬም ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የእኔ ፋይል ሁለተኛው "ማ" ላይ ከደረሰ ስምንት ወሩ ነው። ተቀምጧል።

ባለፈው ሐሙስ እሱኑ ልጠይቅ ሄድኩ። ቢሮው ተቆልፏል። የጥበቃው ሽማግሌ ብቻቸውን ፀሐይ ይሞቃሉ።

"ጋሼ፣ ሰው የለም እንዴ?"

"ሥልጠና ላይ ናቸው ልጄ።"

"ስለ ምን ይሆን?"

"ባለጉዳይን ሳያመላልሱ ስለ ማስተናገድ ነው አሉ።"

ወረቀቶቼን ተቀብለው አገላበጡ። የመታወቂያ ኮፒ እንደጎደለኝ፣ ማመልከቻው በማን ስም መጻፍ እንዳለበት፣ ከዚያ የትኛው መስኮት እንደምሄድ በአምስት ደቂቃ ነገሩኝ። እሳቸው ሠልጥነው አያውቁም። የጥበቃ ሠራተኛ አበል ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

"እንግዲህ ሰኞ ልምጣ?"

"ሰኞማ ግምገማ አለባቸው። ሥልጠናው እንዴት እንደነበር ይገመግማሉ።"

"እዚሁ ቢሮ?"

"ኧረ አዳማ ነው መሰለኝ።"