ሙዝ ክልክል፣ ቁርጥ ግዴታ

ማክሰኞ ዕለት ቢሮ ውስጥ ሙዝ ስልጥ እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። የያዙኝ የሒሳብ ክፍሉ ጋሼ ናቸው። "አንቺ! ልጁ ሆድሽ ውስጥ ገዝፎ በምን ልትገላገዪ ነው?" አሉና ሙዙን ከእጄ ወሰዱት። ይጥሉታል ስል እዚያው ቆመው በሉት። ልጣጩን መለሱልኝ።

ዝም አልኩ። ሆዴ ከገፋ ወዲህ ዝም ማለት ለምጃለሁ። አርብ ደግሞ አንድ ባልደረባችን እድገት አግኝቶ ቁርጥ ቤት ሲጋብዘን፣ ጋሼ ከጎኔ ተቀመጡ። ከቀዩ ቆረጡ፣ አዋዜ ነከሩ፣ ሚጥሚጣ ነሰነሱ፣ አፌ ድረስ ይዘው መጡ።

"ጋሼ፣ ጥሬ ሥጋ ሐኪም ከልክሎኛል።"

"በሞቴ! አምሮትሽ ከቀረ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣበታል።"

"አላማረኝም እኮ።"

"አንቺን ባያምርሽ እሱን አምሮት ይሆናል። ለሁለት ነው የምትበዪው!"

ጥሬ ሥጋ ሲመጣ ሁለት ነን። ሙዝ ሲመጣ አንድም አይደለሁም። የሒሳብ ክፍል ሰው ናቸው ብያለሁ።

ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ጠረጴዛው በሙሉ እኔን ያየኛል። ከወዲያ ማዶ አንዱ "ትሉን እንደሆነ አረቄ ይገለዋል፤ አንድ መለኪያ ቅመሺበት" አለ። ለነፍሰ ጡር! ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ጥሩ ሐሳብ ሆኖ ታይቷቸው ነው።

አረቄም ሚጥሚጣም ምንም አይገድልም። እሳት ነው የሚገድለው። የኮሶ ትሉ እንኳ ቢሆን መድኃኒት አለው፤ አያት ቅድመ አያቶቻችንም ኮሶ ሲጠጡ ኖረዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ቶክሶፕላዝማ የሚሉት፣ ጥሬ ሥጋ ውስጥ ሊኖር የሚችል፣ በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው። ሌላውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳያሳምመው ያልፋል። እርጉዝን ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ግን ወደ ፅንሱ ተሻግሮ ዓይኑንና አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። ይህን ለጋሼ ላስረዳ ሞከርኩ። "እናቴ ዘጠኝ ስትወልድ ቁርጥ ተለይቷት አያውቅም" አሉኝ። ዘጠኙንም ስትወልድ ሙዝ በልታ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

የተከለከልኩትን ስቆጥረው ሙዝ ብቻ አይደለም። እንቁላል አለበት፣ ወተት አለበት፣ አቮካዶ አለበት። ወተቱ የሚከለከለው ሕፃኑ ገላው ላይ ነጭ ነገር ተለጥፎበት እንዳይወለድ ነው አሉ። ያ ነጭ ነገር ቆዳውን የሚጠብቅለት የራሱ ቅባት ነው፤ እናቲቱ ዘጠኝ ወር ሙሉ ጎመን ብቻ ብትበላም አይቀርለትም። ወተት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፦ መፍላት። ነገር ግን "ይፍላ" የሚል መካሪ እስካሁን አልገጠመኝም። ወይ "አትጠጪ" ነው፣ ወይ "ከላሟ እንደታለበ ካልሆነ ምኑን ወተት ሆነ" ነው።

"አፍ ዳገት አይፈራም" የሚለውን ተረት እንደ እኔ የሚወደው ሰው ያለ አይመስለኝም። እርጉዝ ከሆንኩ ወዲህማ ጸሎቴ ሆኗል። የኛ ሰፈር ጤና ጣቢያ ያለው ዳገት ላይ ነው። ክትትል ባለኝ ቀን ግማሹ ላይ ቆሜ፣ ወገቤን ይዤ፣ ቁና ቁና እየተነፈስኩ ወደ ኋላ እዞራለሁ፤ ከመካሪዎቼ አንዱ ተከትሎኝ እንደሆነ ለማየት። ማንም የለም። ስለ ጾም እንኳ ንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው "ሐኪምሽን ስሚ፣ ልጄ" ብለው በአንድ ቃል ጨረሱት። ጋሼ ግን ከንስሐ አባቴ ይጠነክራሉ።

ከእሳቸው የሚብስ ደግሞ ቤት ውስጥ አለ። የባለቤቴ ታላቅ እህት። እትዬ አንድ ፋሲካ ላይ የሠራሁትን ዶሮ ወጥ ቀምሳ፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ "ዶሮዋ ውሃ አልጠገበችም" ብላኛለች። አልረሳውም። አሥራ ሁለቱን ብልት አንድም ሳላበላሽ አውጥቻለሁ፤ ሽንኩርቱን ቀኑን ሙሉ አቁላልቻለሁ። ውሃ አልጠገበችም! እሷ ስታጥብ አይቻታለሁ። ሎሚ፣ ጨው፣ ዱቄት፣ እንደገና ሎሚ። ውሃው ግድግዳው ላይ ይፈናጠራል፤ አጠገቡ ተከትፎ የተቀመጠው ሰላጣ ላይም ያርፋል። ዶሮዋ እንኳ ስትንተከተክ ውላ ትጸዳለች። ሰላጣው ግን ከዶሮዋ የተረጨበትን ሳልሞኔላ የሚሉትን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ይዞ ጥሬውን ይበላል። ዘንድሮ ደግሞ ወጡን ስታወጣልኝ ከሳህኔ እንቁላሉን ለቅማ ለባለቤቴ ሰጠችው። "ልጁ እንዳይተልቅ" አለች። የሚተልቀው ወንድሟ ነው፤ ቦርጩን አላየችም መሰለኝ።

እስከዚህ እየሳቅኩ ነው የጻፍኩት። ቀጥሎ ያለው አያስቅም።

ጤና ጣቢያ ደማችን እንዳያንስ የሚሰጠንን የአይረንና ፎሌት ኪኒን "ልጁን ያተልቃል" ብለው የሚያስጥሉ አሉ። ወረፋ ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ቦርሳዋን ከፍታ አሳየችኝ፤ ኪኒኖቹ እንደታሸጉ ናቸው። አማቷ ከልክላታለች። ከንፈሯ ነጭ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረን የሚለው ልጁን ለማደለብ አይደለም። ደሟ ያነሰ ሴት ስትወልድ ብዙ ከፈሰሳት መትረፊያዋ ጠባብ ስለሆነ ነው። "ኪኒኑን በሻይ ወይ በቡና አትውሰጂ፣ አይረኑን ይይዘዋል" የሚለውን ጠቃሚ ምክር ግን ከነርሷ በቀር የነገረኝ የለም።

ፍርሃቱ ከባዶ እንዳልመጣ አውቃለሁ። መንገድ በሌለበት፣ ቀዶ ሕክምና በሌለበት አገር ምጥ ለቀናት ሲያዝ ምን እንደሚያደርግ እናቶቻችን አይተዋል። ሐኪሞቹ የሐምሊን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፌስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት ለዚያ ነው፤ ፌስቱላ ምጥ ሲረዝም ሰውነቷ ውስጥ ተቀዶ ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣት ጉዳት ነው። ግን ሴት ልጅን ማስራብ ዳሌዋን አያሰፋውም። እንዲያውም በልጅነቷ በደንብ ያልበላች ናት አጭርና ዳሌዋ ጠባብ ሆና የምታድገው። ልጅ ሳለች እንቁላሉ ለወንድሟ ነው። ስታረግዝ ለባሏ ነው። ከዚያ ምጥ ሲጠናባት "እግዜር ያውቃል" ይባላል።

ወደ ጋሼ ልመለስ ነበር፤ ጉርሻው ምን ላይ እንደደረሰም አልነገርኳችሁም። ስልኬ ጠራ። እትዬ ናት።

"እሁድ በግ ይታረዳል፤ ዱለት አለ፤ እንዳትቀሪ።"

ጉበት በዝቶ ሲበላ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኤ ለፅንስ ጥሩ እንዳልሆነ ነርሷ ነግራኛለች። በስልክ ይህን ማስረዳት ከዳገቱ ይከብዳል። በአጭሩ "ጥሬ ነው ለብለብ?" አልኳት።

"ለብለቡስ ለእንግዳ ነው" አለች፤ "ላንቺማ ጥሬውን ለይቼ አስቀምጬልሻለሁ።"