እስስቷን አትግደሏት

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ ካለው ግቢያችን የልጆች ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ሦስት የጎረቤት ልጆች ጌሾውን ከበው ቆመዋል፤ ትልቁ የመጥረጊያ እንጨት ይዟል። «እስስት ናት! ጥርሳችንን ከቆጠረች ይረግፋል!» አለኝ ትንሹ፣ አፉን በመዳፉ እንደሸፈነ። እንጨቱን ተቀበልኩት። ከበራቸው ላይ ሆነው ሲመለከቱ የነበሩ አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ፣ መርዝ ናት እኮ፣ ተው አትጠጋ» ብለው አማተቡ።

ተጠጋሁ። ጅራቷን ጠቅልላ ቅርንጫፉን የያዘችው ፍጥረት ከመዳፌ አትበልጥም ነበር። አንዱ ዓይኗ እኔን ሲያይ ሌላው ወደ ልጆቹ ዞሯል። ጣቶቿ ሁለት በአንድ ወገን፣ ሦስት በሌላው ሆነው ቅርንጫፉን እንደ ጉጠት ይዘውታል። አንድ እግሯን ታነሣለች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዛለች፣ ከዚያ ታሳርፈዋለች፤ ነፋስ የነካው ቅጠል እንጂ የሚሄድ እንስሳ አትመስልም። ልጆቹ ዝም አሉ። አንዲት ዝንብ ቅጠል ላይ አረፈች። የእስስቷ ሁለት ዓይኖች ባንድ ጊዜ ወደ ፊት ገጠሙ፣ ምላሷ ወጥቶ ተመለሰ፣ ዝንቧም የለችም። ትንሹ ልጅ እጁን ከአፉ ላይ አነሣ።

እስስት መርዝ የላትም። ትልቁ መሣሪያዋ ከገዛ ሰውነቷ የሚረዝመው ምላሷ ነው፤ እሱም ለዝንብና ለፌንጣ እንጂ ለሰው አይተርፍም። ቀለሟ መለዋወጡም እኛ እንደምንለው ተንኮል አይደለም። ያን ዕለት ጠዋት ከቅዝቃዜው የተነሣ ጥቁር ሆና ነበር፤ ጥቁር ቆዳ የፀሐይን ሙቀት ቶሎ ይስባልና። አራት ሰዓት ላይ ሰውነቷ ሲሞቅ አረንጓዴ ሆነች። በብርድ ትጠቁራለች፣ ስትቆጣና ስትፈራ ትለወጣለች። ሰው ተናዶ ፊቱ ቢቀላ አታላይ አንለውም። እሷን ግን አቋም የሌለው ሰው መጠሪያ አድርገናታል። «እንደ እስስት የሚለዋወጥ» እያልን ስንሳደብ የኖርነው፣ ስሜቷን በቆዳዋ ላይ አውጥታ የምታሳይን ፍጥረት ነው። ስድብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ልጆቹን እንጨት ያስያዛቸው ግን ከእኛ ከአዋቂዎች የሰሙት ነው።

በአዲስ አበባ ግቢዎች የምናገኛት ዓይነት የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ናት። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1845 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሳይንስ ሰዎች ያስተዋወቃት እሷን ነው። በቆላ ያሉ ብዙ ዘመዶቿ ዕንቁላላቸውን አፈር ውስጥ ሲቀብሩ፣ እሷ ልጆቿን በሆዷ ይዛ ትወልዳለች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ ሌሊት አፈሩ ይቀዘቅዛል፤ እናቲቱ ግን ፀሐይ እየሞቀች የሆዷን ልጆች ታሞቃለች። ይህን ካወቅሁ በኋላ ጠዋት አጥር ላይ የተዘረጋች እስስት ሳይ ልቤ ይራራል።

ለእሷ የቀረው ቦታ ግን እያነሰ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ፒያሳና አራት ኪሎን ሲያዳርስ መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃው አማረ፣ ሣርና ዛፍም ተተከለ። ሣሩ ጋጋኖ ለምትባለው ወፍ ጠቅሟል፤ በረጅም ምንቃሯ ትሉን ስትለቅም በየቀኑ አያታለሁ። እስስት ግን የተከረከመ ሣር ላይ አትኖርም። የምትፈልገው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው፦ ጌሾ፣ ግራዋ፣ ዳማከሴ፣ የድሮ ግቢዎች የቅጠል አጥር። ያ አጥር በብሎኬትና በቆርቆሮ ሲተካ፣ በጉዞዋ ዘገምተኛ የሆነች ፍጥረት አስፋልት ተሻግራ ሌላ አጥር አታገኝም። እንደኔ እንደኔ፣ አዲስ በሚሠሩት መናፈሻዎች ጥግ ላይ ሳይከረከም የሚተው የሀገር በቀል ቁጥቋጦ ቢኖር ከብዙ ባለዘንባባ ጎዳና ይበልጣል። በየቤታችን ደግሞ ጓሮ ላይ ፍሊት መርጨት እንተው። ዝንቡን የምትበላልንን እየመረዝን ስለ ዝንብ ማማረር አያምርብንም። አጥር የሚከረክም ሰው ከማምጣታችን በፊትም ቅርንጫፎቹን በእጃችን ገለጥ ገለጥ አድርገን እንይ።

ልጆቹ በዚያው ሳምንት ማታ ባትሪ ይዘው መጥተው ጠሩኝ። እስስት ስትተኛ ቆዳዋ ስለሚነጣ በብርሃን ቶሎ ትታያለች ብዬ ነግሬያቸው ነበር። ጌሾው ላይ አገኟት፤ እንደ ደረቀ ቅጠል ገርጥታ፣ ጅራቷን ጠቅልላ ተኝታለች። ትንሹ ባትሪውን ቶሎ አጠፋው። «እንዳትነቃ» አለ በሹክሹክታ፣ አንዲት ጥርስ በወለቀችበት አፉ እየሳቀ። እሷን ግን እስስቷ አልቆጠረችበትም፤ ጊዜዋ ደርሶ ነው የወለቀችው።