ወታደሩን ማን ይመልሰዋል?

ለሰባት ዓመት ደሴን ያየኋት በስልክ ብቻ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን አጎቴ ቤት፣ ቄጠማው ላይ ተቀመጥኩ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቧል። ቡናው ፈልቷል። ጋሼ ዱዓ አደረጉ፣ እኛም አሚን አልን፣ አቦሉ ዞረ። በዘመዱም በጎረቤቱም ሙስሊምና ክርስቲያን የሚቀመጥበት ቤት ስለሆነ ምርቃቱ ለሁሉም ነው። «አገራችንን ሰላም ያድርግልን» ሲባል ሁሉም እኩል አሚን ይላል።

ከአሚኑ በኋላ ግን ለሁለት ተከፈልን።

የጀመረው ባጃጅ የሚነዳው የአጎቴ ልጅ ነው። ቤንዚን ፍለጋ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ነው የመጣው። «እኔ ሰልችቶኛል» አለ። «እነዚህ ፖለቲከኞች መቼም አይስማሙም። አንድ ቆፍጠን ያለ መኮንን ይነሳና ሁሉንም ቁጭ ያድርጋቸው። አገሩን ለሁለት ዓመት ይያዘውና ያረጋጋው። ከዚያ ምርጫ ይደረጋል።»

አስተማሪ የሆነችው እህቱ ስኒዋን አስቀመጠች። «ለሁለት ዓመት ብሎ የገባ ወታደር በሁለት ዓመቱ ሲወጣ የት አየህ? ደግሞስ ወታደር መቼ ጠፋና ነው?»

እሱ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ኮሪያ ነው ያለኸው። እዚያም ወታደር ገብቶ ነበር አይደል? ታዲያ አገሩ ፈረሰ?»

አልፈረሰም። ግን ያልፈረሰው ወታደሩ ስለገባ አይደለም። ያየሁትን ነገርኳቸው።

ኅዳር 24 ቀን 2017 ማታ ነው። ከሴኡል ወጣ ባለ የፋብሪካ ሰፈር፣ ማደሪያዬ ውስጥ ነበርኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል በቴሌቪዥን ወታደራዊ አገዛዝ አወጁ። በፓርላማ አብላጫ ወንበር የያዘው ተቃዋሚ ሥራ አላሠራ አለኝ፣ ለሰሜን ኮሪያ ያደሩ ሰዎችም አገሩን እያፈረሱት ነው የሚል ነበር ምክንያታቸው። የፓርላማና የፓርቲ እንቅስቃሴ ታገደ። ሄሊኮፕተር ፓርላማው ግቢ አረፈ። የታጠቁ ኮማንዶዎች መስኮት ሰብረው ገቡ።

እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ሩዝና ውሃ መግዛት ነው። ከአገሬ ይዤው የሄድኩት ልማድ ነው። ኮሪያውያኑ ግን ወደ ፓርላማው ሮጡ። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ሰዓት። አፈ ጉባኤው ዎ ዎን ሺክ በ67 ዓመታቸው አጥር ዘለው ገቡ። አንዲት የተቃዋሚው ፓርቲ ቃል አቀባይ የወታደሩን ጠመንጃ በእጇ ይዛ «አታፍሩም?» ስትለው በስልኬ አየሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ የተገኙት 190 አባላት በሙሉ ዐዋጁ ይነሳ ብለው ድምፅ ሰጡ። ከእነሱ ውስጥ 18ቱ የፕሬዚዳንቱ የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ወታደሮቹ መውጣት ጀመሩ። አንዱ ሲወጣ ለተሰበሰበው ሰው ጎንበስ እያለ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ዐዋጁ ተነሳ። ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የቆየው።

ኮሪያ ሁሉ አንድ ልብ ነበር እንዳትሉኝ። አለቃዬ ወደ 70 የሚጠጋ ሰው ነው። ወላጆቹ በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን የተሰደዱ ናቸው። ለእሱ ፕሬዚዳንቱ ትክክል ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የኮሪያንና የአሜሪካን ባንዲራ ይዞ ሰልፍ ይወጣል። የፋብሪካውን ሒሳብ የምትይዘው ልጁ ደግሞ በዚያው ቀን የዘፋኝ ኮንሰርት ላይ የሚያውለበልቡትን መብራት ይዛ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ትሰለፋለች። ለሰልፈኛው ቡናና ኪምባፕ የሚሉትን የሩዝ ጥቅልል ቀድመው ከፍለው የሚያስቀምጡ ሰዎች ነበሩ፤ ካፌ ገብተህ የማታውቀው ሰው የከፈለልህን ትጠጣለህ።

አባትና ልጅ አንድ ቀን ምሳ ላይ ተጯጯሁ። ሰውዬው ሳህኑን ገፍቶ ተነሳ። ሁላችንም አቀረቀርን። በማግስቱ ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ ስለዚያው ጉዳይ፣ እንደገና ጀመሩ። አራት ወር ሙሉ እንዲሁ ነበር። እኔን የገረመኝ መጨቃጨቃቸው አይደለም። አንድም ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ማን ገባ፣ ማን ሰማ ብሎ በሩን የሚያይ ሰው አላየሁም።

መጥፎውም ነበር። ጥር 11 ቀን የፕሬዚዳንቱ ደጋፊዎች የሴኡልን አንድ ፍርድ ቤት ሰብረው ገብተው ዕቃ አወደሙ። ያን ቀን ይሄም አገር አበቃለት ብዬ ነበር። መጋቢት 26 ቀን ግን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ስምንቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን አነሱ። ውሳኔው ሲነበብ ፋብሪካችን ውስጥ ማሽን ቆሞ ነበር። አለቃዬ ወጥቶ ሲጋራ አጨሰ። ተመልሶ ገባና ማሽኑን አስነሳ።

ልጅቱን አንድ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ጠመንጃ ወዳለበት እንዴት ይሮጣል? «ጓንግጁ» አለችኝ። በ1980 እንደ ፈረንጆቹ፣ በግንቦት፣ ወታደራዊ አገዛዝን የተቃወመውን የጓንግጁ ሕዝብ ጦሩ ጨፈጨፈው። እሷ ያኔ አልተወለደችም። ግን ትምህርት ቤት ተምራዋለች፤ ቀኑም በየዓመቱ በአገር ደረጃ ይታሰባል። ወታደር ሲገባ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ እሷ ራሷ መሞከር አላስፈለጋትም።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው ቶናው ደርሶ ነበር። ጋሼ እስከዚያ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስኒውን ተቀብለው ሳይጠጡ «እኛስ ጓንግጁ የለንም እንዴ?» አሉ።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ። 1965 እና 66። ከራያ፣ ከየጁ፣ ከአምባሰል የወረደው ሕዝብ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ወድቋል። መንግሥት ረሃብ የለም ይላል። «እናቴ ንፍሮ ቋጥራ ትልከኝ ነበር» አሉ ጋሼ። «የሰጠሁት ሰው በእጁ ይዞት ሞቶ አገኘሁት።» ልጆቻቸው ቀና ብለው አዩዋቸው። ይህን ነግረዋቸው አያውቁም።

ወታደሩ የመጣው በዚህ ረሃብ ስም ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የወሎ ረሃብተኛና የንጉሡ ድግስ ጎን ለጎን በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። መፈክሩ «ያለምንም ደም» የሚል ነበር። በተማሪውና በሠራተኛው መካከል ወታደሩ ወደ ካምፑ ይመለስ፣ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም የሚል ድምፅ ነበር። የለም፣ እየነቀፍን እንደግፈው ያለም መጣ፤ የመኢሶን ፓርቲ «ሂሳዊ ድጋፍ» የሚባለው እሱ ነው። ወታደሩ ይመለስ ያለው ኢሕአፓና መኢሶን በዚህ ጉዳይ ተባሉ። ክርክሩ በክርክር አላለቀም፤ በጥይት ነው ያለቀው። ከዚያ አስቀድሞም ኅዳር 14 ቀን 1967 «ስድሳዎቹ» የተባሉት ሹማምንትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ንጉሡ ከወረዱ ገና ሦስት ወር አልሞላም።

«አንተ ያኔ ምን አደረግህ አባ?» አለች ልጃቸው።

«አጨበጨብኩ» አሉ። «ፒያሳ ወጥቼ፣ እጄ እስኪቀላ።»

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1977፣ ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ በታላቅ ድግስ አከበረ። ያን ጊዜ ኮረም ላይ የወሎ ሰው እንደገና ይረግፍ ነበር። በእኛ ረሃብ ስም የገባ መንግሥት በእኛ ረሃብ ላይ ደገሰ። ከተረፈውም ብዙ ሰው በሰፈራ ስም ወደ ኢሉባቦርና ወለጋ ጫነ። ሳይጠየቅ የተጫነው ብዙ ነው። ለአንድ ሰሞን ያጨበጨብንለት ወታደር 17 ዓመት ቆየ።

የአጎቴ ልጅ ግን ዝም ብሎ የሚሸነፍ አይደለም። መልሱም እውነት አለው። «ጥቅምት 2014ን ረሳችሁት?» አለ። ያን ጊዜ ደሴ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እነሱም ቤተሰቡን ይዘው ተሰደዱ። ከዚያ በፊት እናቱ በሶ ስትፈጭ፣ ዳቦ ቆሎ ስትጠብስ፣ ለመከላከያ ስንቅ ስታቀብል ከርማለች። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሠራዊቱ ከተማዋን መልሶ ሲይዝ ያለቀሰው ለቅሶ እስካሁን ደረቱ ላይ ነው። «ወታደር ባይኖር እዚህ ቡና አንጠጣም ነበር» አለ። ይህን ልከራከረው አልችልም፤ እኔ ያን ጊዜ ኮሪያ ሆኜ ስልክ እየደወልኩ ነበር።

ግን ሁለቱ ነገር አንድ አይደለም። ከተማ ሲወረር የሚከላከል ወታደርና ፖለቲከኞች አልተስማሙም ተብሎ አገር የሚረከብ ወታደር ስማቸው ቢመሳሰልም ሥራቸው ይለያያል። ደግሞ ስንቅ ያቀበልነውን ወታደር ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ መልክ አየነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። ኮማንድ ፖስት መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 93 መሠረት ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ ዐዋጁ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል። ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ስለነበር በአሥረኛው ቀን ተሰብስቦ አጸደቀው። ጥር 2016 ላይ አራት ወር ጨመረበት። ሴኡል ላይ 190 ሰው አጥር ዘሎ፣ በር ገፍቶ የተሰበሰበው ያንኑ ሌሊት ነው። ወረቀቱ እኛም ጋ አለ። የሌለን በዚያ ሌሊት ወደዚያ አዳራሽ የሚሮጠው ሰው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የአጎቴ ልጅ ወታደር መመኘቱ ብቻ አይደለም። የ28 ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱ ፒያሳ ላይ እንዳጨበጨቡና ምን እንደተከተለ የሰማው ዛሬ ነው። እሱን አባቱ አልነገሩትም። ትምህርት ቤቱም በሁለት ገጽ አልፎታል። የጓንግጁ ልጅ የምታውቀውን የወሎ ልጅ እንዴት አያውቅም? ይህ እንቅልፍ ይነሳኛል።

በረካው ሲቀዳ ጋሼ ሞቅ ብሏቸው ነበር። ስለ ቀይ ሽብር ጀመሩ። የክፍል ጓደኛቸውን ስም ጠሩ፣ ሬሳው የት እንደተጣለ ሊነግሩን ነበር። የግቢው በር ተንኳኳ። ጋሼ በቃሉ መሃል አቆሙ። ልጃቸው ስልኳን ገለበጠች። ባጃጅ ነጂው ተነስቶ በመጋረጃው ቀዳዳ አየ።

ጎረቤታችን ናቸው፤ የተዋሱትን ሙቀጫ ሊመልሱ ነው የመጡት። ግቡ አልናቸው፣ ገቡ፣ በረካውን ጠጡ፣ መረቁን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ተወራ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ «ጋሼ፣ ጓደኛዎት እንዴት ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ተወው» አሉኝ፣ ወደ በሩ እያዩ። «ሌላ ቀን።»